ካርቦን ብስክሌት ልትገዛ ነው? «ወድቋል ወይ?» ብቻ ብለህ አትጠይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ያገለገለ የካርቦን (አካሉ በሙጫ ከተጣበቀ የካርቦን ክር ንብርብር የተሠራ) የውድድር ብስክሌት አግኝተሃል፤ ክብደቱ 7.2 ኪሎ ነው፤ ባለቤቱ «አንድም ቀን አልወደቀም» ብሎ ምሎልሃል። «ልግዛው ወይስ አዲስ አሉሚኒየም ይሻለኛል?» ነው ያልከው። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ የተከራከሩት ስለ ክብደት ነው። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ረዘም ይላል፣ ቻለው።

1. የክብደቱን ወሬ ቶሎ እንዝጋው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ከ2000 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት ውድድር ላይ እንዳይገባ ከልክሏል። ያንተው ከዚያ የሚበልጠው በ400 ግራም ብቻ ነው። አንተና ብስክሌትህ ተደምራችሁ 80 ኪሎ ብትሆኑ፣ አንድ ሙሉ ኪሎ ብትቀንስ እንኳ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የምታተርፈው ከጠቅላላ ጊዜህ ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት 45 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ የሚታገልህ ንፋሱ ነው፤ ግራሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ «7.2 ኪሎ!» እያለ ዋጋ ሲቆልልብህ ዝም ብለህ አትደመም።

2. ብሎኑን ማን ነው ሲያጠብቀው የኖረው? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የእኔ ብስክሌት የተሰነጠቀው ወድቆ አይደለም። ተጋጭቶም አይደለም። ገና ዋስትና ላይ እያለ ለሰርቪስ ወደሸጠልኝ ሱቅ ወሰድኩት። በዚያው ኮርቻውን ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኩ። መካኒኩ ረጅም ቁልፍ አነሳና የኮርቻውን ማሰሪያ ብሎን እያቃሰተ ያጠብቀው ጀመር። «ማሰሪያው ላይ 5 ኒውተን ሜትር ይላል እኮ፤ ቶርክ ሬንች የላችሁም?» አልኩት። (ቶርክ ሬንች ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ ነው፤ ኒውተን ሜትር ደግሞ የጥብቀቱ መለኪያ።) ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንተ ብስክሌት መንዳት አትችልም ነበር። እጄ ያውቀዋል» አለኝ።

እጁ አያውቀውም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዳገት ስወጣ ከኮርቻው ሥር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። መልሼ ስወስደው «አቧራ ነው» ብለው ጠርገው ሰጡኝ። ድምፁ አልጠፋም። ቤት ወስጄ የኮርቻውን ዘንግ አወጣሁና ዘንጉ የሚገባበትን ቱቦ በባትሪ ሳየው፣ ከማሰሪያው ሥር ቁልቁል የወረደ ቀጭን ስንጥቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቦን ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ስትስበው በጣም ጠንካራ ነው። ቱቦውን ከውጭ እንደ ቀለበት ከበህ ስትጨምቀው ግን ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ብረትና አሉሚኒየም ሲጎዱ ይጎብጣሉ ወይም ይጎደጉዳሉ፤ ታየዋለህ። ካርቦን ከላይ ቀለሙ እያበራ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። እየተንሸራተተ ካስቸገረህም መፍትሔው ጉልበት አይደለም። ለካርቦን ተብሎ የተሠራ አሸዋማ ቅባት አለ፤ እሱን ስትቀባው በትንሽ ጥብቀት ይይዝልሃል። ተራ ግራሶ ግን እዚያ ቦታ ላይ እንዳታስነካ።

አሁን ወደ አምራቹ ዋስትና ክፍል እንሂድ። እዚያ ያለው ሰውዬ የስንጥቁን ፎቶ ስልኬ ላይ ለአፍታ አየና «ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለ። ልክ ነው፣ ጠብቋል! ያጠበቀው ግን የእናንተው ወኪል ነው ብዬ ደረሰኙን ዘረጋሁ። «ኮርቻ ከፍ ማድረግ» ተብሎ በሱቁ ሰው የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። «እሱን ከሱቁ ጋር ተነጋገር።» ሱቁ ደግሞ «ማጥበቅ ካርቦን አይሰነጥቅም፤ የፋብሪካ ጉድለት ነው፤ ዋስትና ክፍል ሂድ።» እንዲህ ሲያመላልሱኝ ከረሙ። አንዴማ የዋስትናው ሰውዬ «መኪና ላይ ጭነህ ሰብረኸው ቢሆንስ?» አለኝ። ደረሰኙን ይዤ ፊቱ ቆሜ! በመጨረሻ ሱቁ ያቀረበልኝ ካሳ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሚቀጥለው ሰርቪስ ላይ ቅናሽ። እዚያው መካኒክ እጅ ላይ ማለት ነው።

እልህ ያዘኝና ካርቦን የሚጠግን ባለሙያ አፈላልጌ አገኘሁ። አብዛኛው ሰው «ካርቦን ከተሰነጠቀ አለቀለት» ይላል፤ ውሸት ነው። ስንጥቁ እስከየት እንደዘለቀ በአልትራሳውንድ አየ። የተጎዳውን ፍቆ አነሳ፤ አዲስ የካርቦን ጨርቅ በሬዚን (ሙጫው ማለት ነው) ደራርቦ በሙቀት አደረቀው። ዛሬም የምነዳው እሱኑ ነው። ዳገት ላይ አዲስ የገዙትን ጥያቸው እሄዳለሁ፣ ይታወቅልኝ። ቶርክ ሬንችም የራሴን ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን የሌላ ሰው እጅ አልነካውም።

3. ያንተም ነገር ከእኔ የሚለይ አይመስለኝም። ሰውየው «አልወደቀም» ሲልህ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ሰርቪስ የት ነበር የሚያደርገው? በቶርክ ሬንች ነው ወይስ «በእጄ አውቀዋለሁ»? የሚሠሩለት ሰዎች ብስክሌቱን መስቀያው ላይ ሲሰቅሉት የላይኛውን ቱቦ ነበር የሚያስነክሱት? ያ ቱቦ በጣም ስስ ነው፤ መያዝ ያለበት ከኮርቻው ዘንግ ነው።

ከዚያ ዘንጉን ከፊትህ ያውጣልህ። አሉሚኒየም ዘንግ ካርቦን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሳይነቀል ከቆየ፣ በላብና በውሃ ምክንያት አሉሚኒየሙ ይበላና ተጣብቆ ይቀራል። «አልወጣ አለ» ካለህ ዋጋ አትከራከር፣ ተነስተህ ሂድ። ከወጣ ውስጡን በባትሪ እይ። ፔዳሉ የሚዞርበትን አካባቢ፣ ሰንሰለት ወድቆ ሊፍቀው የሚችለውን ቦታ፣ የመሪው ቱቦ ከሌሎቹ የሚገናኝበትን ሁሉ ጠርገህ እይ። ያለቦታው የተለጠፈ ስቲከር ካየህ፣ ስንጥቅ ሸፍኖ እንደሆነ ጥፍርህን ስደድበት። በሳንቲም እየነካካህ ድምፁን አዳምጥ፤ አንድ ቦታ ላይ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠህ ጠርጥር። ጥሩ ድምፅ ሰጠ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

የፊት ሹካውንም አስፈትተው። ወደ መሪው የሚገባው ቱቦ ከተሰነጠቀ ቁልቁለት ላይ በፊትህ ነው የምትወርደው። ባለቤቱ «አላስፈታም» ካለ ምክንያቱን እዚያው ነግሮሃል።

4. ዋስትና? አብዛኞቹ አምራቾች ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው የሚሰጡት። አንተ ስለማይኖርህ ቢያንስ እዚያ መስኮት ከመሰለፍ ትድናለህ።

ቸርኬው ራሱ ካርቦን ከሆነና ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ የፍሬን ላስቲኩ ለካርቦን የተሠራ መሆኑን እይ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬው ይግላል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ይሄ አያሳስብህ።

አሉሚኒየሙን በተመለከተ፣ ራስህ ፈትተህ የምትገጥም ካልሆንክና ቶርክ ሬንች ያለው መካኒክ ካላገኘህ እሱን ግዛ። ጥሩ ጎማ ከገጠምክበት የሚጎድልህ ነገር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ረስተሃል፤ የብስክሌቱን መጠን 56 ብለህ ጽፈሃል፣ ቁመትህን ግን አልጻፍክም። ቁመትህንና የእግርህን የውስጥ ርዝመት ጻፍልኝ፣ ይሆንህ እንደሆነ እነግርሃለሁ።