ስለ ቴክኒሺየም ጄነሬተር ጄል የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ስለ ዚርኮኒየም ሞሊብዴት ጄል እመልሳለሁ፤ ይህ ለታካሚ ምርመራ የሚውለው ጨረር ያለበት ቴክኒሺየም በሚቀዳበት መሣሪያ (ጄነሬተር) ውስጥ የሚሞላ፣ ሞሊብዲነም የያዘ ጠጣር ነው። የሞሊብዲነም-99 ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 66 ሰዓት፣ ከእሱ የሚወለደው ቴክኒሺየም-99ኤም ደግሞ 6 ሰዓት መሆኑን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ከኮለሙ (ጄሉ ከተሞላበት ቱቦ) ቴክኒሺየሙን ይዞ የወጣውን ፈሳሽ ሞሊብዲነም እንዳለበት ሳትለኩ ለታካሚ አትስጡ።

የራዲዮፋርማሲ ተማሪ፦ ዶክተር፣ አሉሚና (በተለመደው ጄነሬተር ሞሊብዲነሙን የሚይዘው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እያለ ጄል ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ከዩራኒየም ፊሽን (አተሙን ከመሰንጠቅ) የሚገኘው ሞሊብዲነም በክብደት ጥቂት፣ በጨረር ብዙ ስለሆነ ትንሽ አሉሚና ይበቃዋል። ተራ ሞሊብዲነም ኦክሳይድ ሪአክተር ውስጥ ሲገባ ግን ኒውትሮን ተቀብለው ወደ 99 የሚቀየሩት እጅግ ጥቂት አተሞች ናቸው። የቀረው ሁሉ ጨረር የሌለው ሞሊብዲነም ነው። አንድ ግራም አሉሚና ቢበዛ 20 ሚሊግራም ያህል ስለሚይዝ ኮለሙ ከመጠን በላይ ይገዝፋል። ጄሉ ግን ሩብ ያህል ክብደቱ ራሱ ሞሊብዲነም ነው።

ኬሚስት፦ አሠራሩንስ?

መልስ፦ ኦክሳይዱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሟሟል፤ ዚርኮኒየም ኦክሲክሎራይድ ይጨመርበታል፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) 4.5 አካባቢ ሲስተካከል ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ተጣርቶ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ይደርቃል። ሥራው ሁሉ ያለው ማድረቁ ላይ ነው! ቴክኒሺየሙ የሚወጣው በጄሉ ውስጥ በቀረው ውሃ በኩል ነው። ከልክ በላይ ካደረቃችሁት መዋቅሩ ይዘጋል፤ ቴክኒሺየሙ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ካላደረቃችሁት ደግሞ እንደ ሊጥ ሆኖ ኮለሙን ይደፍናል። በትክክል የደረቀ ጄል መስታወት የመሰለ ጠጣር ነው፤ ውሃ ሲነካው ራሱ ተሰነጣጥቆ ጥሩ ቅንጣት ይሆናል። ያን ጊዜ ነው ልብ የሚያርፈው።

ሌላ አባል፦ ምድጃውን 200 ባደርገው ቶሎ አይደርቅልኝም?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የሆስፒታል ቴክኖሎጂስት፦ የእኛ ጄነሬተር ደካማ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደካማ ማለት ምን ማለት ነው? ምርቱ አነሰ? ፈሳሹ አልወርድ አለ? መቼ ደረሳችሁ? ሞሊብዲነም በየቀኑ 22 በመቶ ይቀንሳል፤ ጉምሩክ ላይ ሁለት ቀን ከተቀመጠ 40 በመቶው እዚያው አልቋል። ቁጥር ይዘህ ተመለስ።

ኬሚስት፦ ለነገሩ ጄል ያለፈበት ነው። የፊሽኑን ሞሊብዲነም ከደቡብ አፍሪካ ማስመጣት ይቀላል።

የራዲዮፋርማሲ ተማሪ፦ በግንቦት 2009 እ.ኤ.አ. የካናዳው ቾክ ሪቨር ሪአክተር ሲቆም የዓለም ሆስፒታሎች ምን እንደሆኑ ረሳኸው? ከአንድ ዓመት በላይ ነው የቆመው!

ኬሚስት፦ ጄልም ሪአክተር ይፈልጋል እኮ። እኛ ሪአክተር አለን እንዴ?

የራዲዮፋርማሲ ተማሪ፦ ህንዶች ጄሉን የሠሩት በራሳቸው ሪአክተር፣ ዩራኒየም ሳይሰነጥቁ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ወደ ጄሉ እንመለስ።

ሌላ አባል፦ ጄሉን አስቀድሞ ሠርቶ ሪአክተር ውስጥ መክተትስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨረር ያለበትን ነገር ማሟሟት፣ ማጣራትና ማድረቅ ይቀርላችኋል፤ በሆት ሴል (ጨረር በሚከልል ግድግዳ በታጠረ የሥራ ክፍል) ውስጥ ሥራው ይቀልላል። ግን ዚርኮኒየሙም ጨረር ያነሳል፤ ዚርኮኒየም-95 ግማሽ ዕድሜው 64 ቀን ነው። ቲታኒየም ሞሊብዴት የተሞከረው ለዚህ ነው።

የሆስፒታል ቴክኖሎጂስት፦ ሞሊብዲነሙን ጠዋት ከለካን ለቀኑ ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃም! በአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ) ወሰኑ ለአንድ ሜጋቤክሬል (ቤክሬል የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ቴክኒሺየም 0.15 ኪሎቤክሬል ሞሊብዲነም ነው፤ የሚቆጠረውም መርፌው በሚሰጥበት ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 0.10 ካገኛችሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቴክኒሺየሙ በግማሽ ሲቀንስ ሞሊብዲነሙ የሚቀንሰው 6 በመቶ ብቻ ነው። 0.19 ሆነ ማለት ነው። ያ መርፌ ለማንም አይሰጥም።