ፓምፕ ያልያዘ ገጣሚ አታስገቡ

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኤሲ ናቸው። ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጪ ስለሚቀመጠው፣ ስፕሊት ስለምንለው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስለ ዕቃው ምርጫ ብቻ የጠየቃችሁም ስለ ገጠማው የተጻፈውን አትዝለሉት፤ ጥሩ ኤሲ በመጥፎ እጅ ተገጥሞ ሲበላሽ ያየሁትን ያህል ከፋብሪካው ተበላሽቶ የመጣ አላየሁም። (ገጣሚ ስል ስንኝ የሚቋጥረውን አይደለም። እሱ ያለ ፓምፕም ይገባል።)

ጥያቄ፦ መኝታ ቤቴ 4 በ4 ሜትር ነው። ሻጩ "18,000 ቢቲዩ ውሰድ፣ ትልቅ ከሆነ ቶሎ ያቀዘቅዛል" አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ 9,000 ይበቃል ባይ ናት። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ፍረደን።

መልስ፦ ባለቤትህ አሸንፋለች። ቢቲዩ ማለት እዚህ ጋ ማሽኑ በአንድ ሰዓት ከክፍሉ ጠርጎ የሚያወጣው የሙቀት መጠን ነው። ለመነሻ ያህል፣ ሞቃት ቦታ ላለ ክፍል በካሬ ሜትር ከ500 እስከ 600 ቢቲዩ ይታሰባል። ያንተ 16 ካሬ ነው፣ በትልቁ ብናሰላው 9,600 ይመጣል። ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብለህ እየው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ሰፊ መስኮት አለው? ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው? ከሁለት ሰው በላይ ይተኛበታል? ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ያህል ጨምር። እነዚህ ካሉ ወደ 12,000 ከፍ በል። 18,000 ግን ለዚህ ክፍል አይሆንም።

"ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?" ትል ይሆናል። ይጎዳል። ኤሲ ያለበት ሥራ ሁለት ነው፦ አየሩን ማቀዝቀዝና እርጥበቱን መምጠጥ። ትልቁ ማሽን ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዝና ይቆማል። እርጥበቱ ግን በቀዝቃዛው የቱቦ ጥቅልል ላይ እንደ ጤዛ ተቋጥሮ ወደ ፍሳሹ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ አንሶላው ግን እርጥብ እርጥብ ይልሃል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈው ለሰው ምቾት ሳይሆን ኒው ዮርክ ውስጥ ለነበረ ማተሚያ ቤት ነው፣ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ቀለሙ ቦታውን እየሳተ አስቸግሯቸው ነበር። "ኢንቨርተር ስለሆነ ራሱን ዝቅ ያደርጋል" ካሉህም (ኢንቨርተር ምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ) እውነት ነው፣ ዝቅ የሚለው ግን እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንቨርተር የሚባለው የሻጭ ወሬ ነው ወይስ የእውነት ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው። ተራው ኮምፕረሰር፣ ማለትም ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ሞተር፣ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ሙሉ ጉልበት ወይም ጥፍት። ኢንቨርተሩ ግን ክፍሉ የተፈለገው ቅዝቃዜ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ቀስ እያለ ይሠራል። መብራት ይቆጥባል፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ ሲነሳም የቤቱን አምፖል አያደበዝዝም። ሌሊቱን ሙሉ የምታበሩት ከሆነ አታመንቱ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ለአንድ ሰዓት የሚበራ ከሆነ ግን ተራውም ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ ኤሲውን የገጠመልን ልጅ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። ቫልቩን ትንሽ ከፈት አድርጎ "ፍስስ" ካስባለው በኋላ "አየሩ ወጥቷል" አለን። ከአራት ወር በኋላ ማቀዝቀዝ አቆመ። ሌላ ባለሙያ "ጋዝ አልቋል" ብሎ ሞላልን። አሁን ደግሞ እንደገና ደክሟል። ለመሆኑ የኤሲ ጋዝ በየስንት ጊዜው ነው የሚሞላው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሞላም። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ውጪ ያራግፋል፣ ይመለሳል፣ በቃ። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ የሚሞላልሽ ሰው በተቀደደ ባልዲ ውኃ እየቀዳልሽ ነው፣ ያውም እያስከፈለ።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የመዳብ ቱቦው ከማሽኑ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ባለሙያ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ቱቦውን በመቁረጫ እያዞረ ቆረጠ እንጂ በመጋዝ አልነካውም። ከዚያ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ጠርዙ ላይ የቀረውን ስል ነገር ፋቀ፤ ለምን ደፋኸው ስለው "ፍቅፋቂው ውስጥ ከገባ ኮምፕረሰሩን ይበላዋል" አለኝ። ዳዶውን አስቀድሞ አስገባ። (ይህን ረስቶ አፉን ከከፈተ በኋላ ዳዶው አልገባ ብሎት ቱቦውን እንደገና የሚቆርጥም አይቻለሁ።) ቀጥሎ የቱቦውን አፍ በመሣሪያ እንደ ጡሩምባ ከፈተው፣ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው፣ አንድ ጠብታ የኮምፕረሰር ዘይት ቀባው። ዳዶውን መጀመሪያ በእጁ፣ ከዚያ ጉልበት በሚለካ መፍቻ አጠበቀ። ለቀጭኑ የሩብ ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ባለ በሌለ ኃይል ሲጠብቅ መዳቡ ይሰነጠቃል፣ ሲላላ ደግሞ ያፈሳል።

አሁን ወደዚያ "ፍስስ" እንምጣ። በአዲሱ ቱቦ ውስጥ አየር አለ፣ አየሩ ውስጥም እርጥበት አለ። እርጥበቱ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፣ ማሽኑን ከውስጥ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ትንሽ ጋዝ በመልቀቅ ይህ አይወጣም። አር 32 የሚባለው በአዳዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ በመጠኑም ቢሆን ሊቀጣጠል የሚችል ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚለቀቅ ነገር አይደለም። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ቱቦው መጀመሪያ በናይትሮጅን ግፊት ይፈተናል፣ መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይታያል። ከዚያ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ማለትም አየሩንና እርጥበቱን ከቱቦው መጥጦ የሚያወጣው፣ ይሰካና የመለኪያው ንባብ ከ500 ማይክሮን (ቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት የሚለካበት ነው) በታች እስኪወርድ ይሠራል። ፓምፑ ከተዘጋ በኋላም ንባቡ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ቫልቩ የሚከፈተው ያኔ ነው።

አሁን ማድረግ ያለብሽ ግልጽ ነው። ቀዳዳውን የሚፈልግ ሰው አምጪ። መጋጠሚያው እንደገና ይሠራ፣ ቱቦው ቫኪዩም ይደረግ፣ ጋዙ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ግራም ልክ በሚዛን ተመዝኖ ይግባ። ቱቦሽ ረጅም ከሆነም ንገሪው፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲመጡ የሚይዙት ጋዝ ለ5 ወይም ለ7.5 ሜትር ቱቦ ነው፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ስንት ግራም እንደሚጨመር ማኑዋሉ ላይ አለ። ገና ያላስገጠማችሁ ደግሞ ከዋጋው በፊት "ቫኪዩም ፓምፕ አለህ?" በሉት። "ለዚህ አያስፈልግም" ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ። ልጆቼ ኤሲ ሊያስገጥሙልኝ ነው። አንዱ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ይሁን ይላል። የውጪውን ማሽን ደግሞ ዝናብና ፀሐይ እንዳይመታው በመስታወት የተዘጋው በረንዳ ውስጥ እናስቀምጠው ብለዋል። አንተ ምን ትላለህ?

መልስ፦ አባባ፣ ፊት ለፊት አይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ንፋስ ፊትዎ ላይ ሲነፍስ ጉሮሮዎ ደርቆ፣ አንገትዎ ተይዞ ያድራሉ። ከአልጋው ጎን ያለው ግድግዳ ይሻላል፣ ንፋሱ ከእርስዎ በላይ ተሻግሮ እንዲያልፍ። ከወለሉ ከ2 ሜትር በላይ ይሰቀል፣ ከኮርኒሱ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አየር የሚስበው በአናቱ በኩል ነውና ከኮርኒሱ ጋር ከተጣበቀ ይታፈናል።

የበረንዳው ሐሳብ ግን ይቅር። ልጆቹ ለማሽኑ አዝነው ነው፣ ግን ያ ማሽን ከመኝታ ቤትዎ የወጣውን ሙቀት የሚተፋ ነው። ዝግ ቦታ ካስቀመጡት የተፋውን መልሶ ይስባል፣ በረንዳው ምድጃ ይሆናል፣ በመጨረሻ ራሱ ይጠፋል። ዝናብ አይጎዳውም፣ ለውጪ ነው የተሠራው። ከኋላው ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ፣ ከፊቱ ምንም አይኑር። ከላይ ጥላ ቢሠሩለት ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ኤሲያችን ግድግዳው ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። ጋዝ ነው?

መልስ፦ ጋዝ አይደለም። ያ ቅድም ያልኩት ጤዛ ነው፣ መውጫ አጥቶ። ለቱቦዎቹ የሚበሳው ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ወደ ውጪ ትንሽ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፣ የፍሳሹም ቱቦ እስከ መጨረሻው ቁልቁል መውረድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ቀና ካለ ውኃው እዚያ ይተኛል። የእኔን የገጠመው ሰው ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አዘቅዝቆ በስቶት ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ስነሳ ሶፋው እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅ አገኘሁት። ሲገጠም አንድ ጠርሙስ ውኃ የውስጡ ማሽን ገንዳ ላይ አፍስሱና በውጪ በኩል መውጣቱን እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ለጊዜው በማከፋፈያ ሶኬት ብሰካው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አትሰካው። 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ወደ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል፣ የማከፋፈያው ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው። የሽቦው ውፍረት ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። መብራት ከፍ ዝቅ የሚልባችሁ ደግሞ ስታቢላይዘር (የመብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያስተካክለውን ዕቃ) ጨምሩ፣ በተለይ ለኢንቨርተር፤ ቦርዱ ከተቃጠለ ወጪው ያማል።

ጥያቄ፦ ሪሞቱን 16 ላይ ባደርገው ቶሎ ያቀዘቅዛል አይደል?

መልስ፦ ተራው ኤሲ 16 ላይም 24 ላይም ሲሠራ ጉልበቱ ያው ነው፤ የሚለየው የት ሲደርስ እንደሚቆም ነው። ኢንቨርተሩ ደግሞ ክፍሉ ሲሞቅ ራሱ በሙሉ ጉልበት ይነሳል። 24 ወይም 25 ላይ ተዉት፣ አሁንም ከሞቃችሁ አንድ ዲግሪ ቀንሱ። ያም ካልሠራ የፊቱን ክዳን ከፍታችሁ ማጣሪያውን አውጡት። እንደ ብርድ ልብስ አቧራ የለበሰ ከሆነ በውኃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ መልሳችሁ አስገቡት።