ዕጣ፣ ናይትሮጅንና ዳኝነት፦ ስለ ኦቨርክሎኪንግ ውድድር ጠይቃችሁኝ

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚገጣጥሙና የሚጠግኑ ወጣቶች በተመልካች ፊት የኦቨርክሎኪንግ ውድድር ለማድረግ አስበዋል። ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ አሠርቶ ፍጥነት በሚለካ የፈተና ፕሮግራም የተሻለ ውጤት ያስመዘገበ ያሸንፋል። ደንቡ ገና አልተጻፈም፤ ስለዚህ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ገንዘብ ያለው ውድ ዕቃ ይዞ ከመጣ ውድድሩ ሳይጀመር አላለቀም?

መልስ፦ ሁሉም የራሱን ዕቃ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ሊያልቅ ይችላል። ሆኖም ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ስም የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እኩል አይደሉም። አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ይሮጣል፣ ሌላው በዚያው ቮልቴጅ ኮምፒውተሩን ቀጥ ያደርገዋል። አቅም ያለው ሰው አሥር ገዝቶ፣ ሁሉንም ሞክሮ፣ ምርጡን አስቀርቶ ዘጠኙን መልሶ ይሸጣል። ደሞዝተኛው የደረሰውን አንድ ብቻ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ እኔ የምለው እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሮቹ አንድ ሞዴል ይሁኑ፤ ከነማሸጊያቸው መጥተው በሁሉም ፊት በዕጣ ይከፋፈሉ። ማዘርቦርዱና ሜሞሪውም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ብቻ ግን አታቁሙ። ዕጣ ደካማውን ፕሮሰሰር ለጎበዙ ልጅ ሊሰጠው ይችላል። በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚዎቹ ፕሮሰሰር ይለዋወጡና የሁለቱ ዙር ውጤት ይደመር። እንደዚያ ከሆነ “ዕድሌ ነው” የሚል አይኖርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ መምጣት ማጭበርበር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! የተዘጋጀውን ለመቅጣት የተጻፈ ደንብ ሰነፉን ይሸልማል። ቮልቴጁን እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምር፣ የሜሞሪውን ቅንብር፣ ፕሮሰሰሩ ሲቀዘቅዝ የት ላይ እንደሚያስቸግር በደብተሩ ጽፎ የመጣ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ የምጠይቀው ያንን ዝግጅት ሌላውም ማድረግ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ነው። የማዘርቦርዱ ሞዴል ለሁሉም በአንድ ቀን ከተነገረ፣ በፍላሽ የተቀመጠ የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውና ፍጥነቱ የሚስተካከልበት የቦርዱ ፕሮግራም) ቅንብር ይዞ መምጣት ይፈቀድ። አንዱ ብቻ ከሻጩ ጋር ስለሚተዋወቅ ሞዴሉን ከወር በፊት ካወቀ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ባዮሱንም አዘጋጁ ራሱ አንድ ዓይነት አድርጎ ይጫን። በውጭው ዓለም የአምራች ድርጅት ሰዎች ገበያ ላይ የማይገኝ ባዮስና ተመርጦ የተቀመጠ ፕሮሰሰር ያገኛሉ የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው። ውጤቶችን የሚመዘግበው ኤችደብሊውቦት የተባለው ድረ ገጽ ከኢንዱስትሪው ጋር የተሳሰሩትን በተለየ ሊግ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሩን በፋን፣ በአየር ብቻ እያቀዘቀዝን ብንወዳደርስ? ለማቀዝቀዣ የሚሆን ፈሳሽ ናይትሮጅን ከየት እናመጣለን?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዓመት በአየር ማድረጉ ጥሩ ነው። ግን “አየር እኩል ነው” ብላችሁ አትዘናጉ። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ከዱባይ ወይም ከታይፔ የተለቀቀ የሙቀት ቁጥር እዚህ አይሠራም። ከዚያ በላይ ግን አዳራሹ ራሱ ያዳላል። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር የተቀመጠና በር አጠገብ ነፋስ የሚያገኝ ተወዳዳሪ እኩል አይደሉም። ጠረጴዛውም በዕጣ ይሁን፣ በየዙሩም ይቀያየር።

ናይትሮጅን ካላችሁ ደግሞ፣ ከብት በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ይህን የሰማ ሁሉ “ከእነሱ እንለምን” ይላል። እባካችሁ ተዉ። ያ የገበሬ ንብረት ማቆያ ነው፤ ከጎደለ ዘሩ ይበላሻል። በሕጋዊ መንገድ ከጋዝ አቅራቢ መግዛት ካልተቻለ በአየር ቆዩ።

ጥያቄ፦ ከተገኘስ? በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ክዳኑን ከጠመዘዛችሁት ፔርሙዙ ቦምብ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በባሕር ጠለል ላይ በ−196 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዳማ ከፍታ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ሊትሩ ሲተን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። መውጫ ካጣ ዕቃውን ይበትነዋል። መውጫ አግኝቶ በተዘጋ ክፍል ከተጠራቀመ ደግሞ ኦክስጅኑን ያስወጣና ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ አያስጠነቅቅም። በተዘጋ መኪና ውስጥ አይጫን፤ በሩና መስኮቱ የማይከፈት አዳራሽ ውስጥ አይከፈት። የጨርቅ ጓንት ፈሳሹን መጥጦ እጅ ላይ ስለሚያጣብቀው ለዚሁ ሥራ የተሠራውን፣ በቀላሉ ወልቆ የሚወድቀውን ተጠቀሙ። ተመልካች ከጠረጴዛው ራቅ ይበል። በዚህ አልደራደርም፤ ይህን ማሟላት ያልቻለ አዘጋጅ ናይትሮጅኑን ይተው።

ጥያቄ፦ ማዘርቦርዱን ከውሃ ጠል ለመከላከል ቫዝሊን መቀባት፣ ላጲስ መለጠፍ የውድድሩ ሰዓት ላይ ይቆጠር?

መልስ፦ አይቆጠር። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠውና ናይትሮጅኑ የሚጨመርበት የመዳብ ጽዋ ሲቀዘቅዝ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ጠል፣ ቀጥሎም በረዶ ሆኖ ቦርዱ ላይ ይቀመጣል። ማስቲካ የመሰለው የሠዓሊ ላጲስ፣ ቫዝሊን፣ ውሃ የሚመጥ ወረቀት ሁሉ ያንን ለማገድ ነው። ሰዓት እየሮጠበት የሚሸፍን ሰው አንዲት ቀዳዳ ትቶ ዕቃ ያቃጥላል። ከውድድሩ በፊት በዳኛ ፊት በቂ ጊዜ ስጡ። በዕጣ የደረሰን ፕሮሰሰር የብረት ክዳን መንቀል ግን ይከልከል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ለሌላ ሰው ይተላለፋልና።

ጥያቄ፦ ዳኛው ውጤቱ እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃል? ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በ2013 በፈረንጆች አቆጣጠር የሆነውን ላስታውሳችሁ። ዊንዶውስ 8 ላይ ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ የመሠረታዊ ክሎኩ (የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚሰላበት ምት) ፍጥነት ዝቅ ሲደረግ የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ አብሮ ይዘገይ ነበር። የፈተና ፕሮግራሙ ያለፈውን ጊዜ የሚለካው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ማሽኑ ዘግይቶ እያለ የፈጠነ መስሎ ይታያል። ኤችደብሊውቦት በዚያን ጊዜ የዊንዶውስ 8 ውጤቶችን መቀበል አቆመ። ስለዚህ ዳኛው ከኮምፒውተሩ ውጭ የሆነ ሰዓት ይያዝ። ዊንዶውሱም የፈተና ፕሮግራሙም አዘጋጁ ከሚሰጠው አንድ ዓይነት ዲስክ ይጫን። ውጤቱ ሲወጣ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው የዕቃ ማሳያ ፕሮግራም ተከፍቶ ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን እያሳየ በዳኛው ፊት ፎቶ ይነሣ። የግራፊክስ ፈተና ካለ የምስሉን ጥራት በድራይቨር (የግራፊክስ ካርዱን በሚያዘው ፕሮግራም) ዝቅ ማድረግ ይፈቀድ ወይም ይከልከል፤ ሁለቱም ያስኬዳል፤ ግን ከቀኑ በፊት ይጻፍ።

ጥያቄ፦ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ዙሩ ለሁሉም እንደ አዲስ ይጀመር። ዩፒኤስ ለሁሉም ወይም ለማንም።

ጥያቄ፦ ያለኝ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። መሳተፍ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደዚህ ያሉ ማሽኖች ባዮሳቸው ብዙውን ጊዜ የተቆለፈ ነው፤ አትድከም። ከኢንቴል የስሙ መጨረሻ ላይ “ኬ” ያለበትን ፕሮሰሰርና ቺፕሴቱ (የቦርዱ ተቆጣጣሪ ቺፕ) ስሙ በዜድ የሚጀምር ቦርድ ፈልግ። ከኤኤምዲ ራይዘን አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፤ የቦርዱ ቺፕሴት ስም ግን በኤ ሳይሆን በቢ ወይም በኤክስ የሚጀምር ይሁን። ዕቃው በዕጣ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ባዶ እጅህን መጥተህ ትወዳደራለህ። ዕጣውን የምወድበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ለዚህ ውድድር ሲል ቤት ያለውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ እሜቴ፣ ፍጥነቱን መጨመር ብቻውን ብዙም አያቃጥልም፤ የሚጎዳው ከልክ ያለፈ ቮልቴጅና ሙቀት ነው። የቤቱን ኮምፒውተር ለትምህርቱ ይተዉለት፤ መለማመጃ የሚሆን አሮጌ ቦርድ በርካሽ ይገኛል። ለውድድሩ በተሰጠው ዕቃ ላይ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚከፍል ግን አዘጋጆቹ በጽሑፍ እስኪያሳውቁ ድረስ እንዳይፈርም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዋና ዳኛ ይሁኑልን።

መልስ፦ ከሚወዳደሩት መካከል ሁለቱ ሜሞሪ የሚገዙት ከእኔ ሱቅ ነው። ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ የዕጣውን ሣጥን እይዛለሁ፤ እሱንም ሌላ ሰው እያየኝ።