ጆሮ ሥር የተጣበቀ መዥገር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ውሻና አራት ፍየሎች አሉ። የስድስት ዓመት ልጄ ጆሮ ሥር መዥገር ተጣብቆ አገኘሁ። አማቴ «ላምባ ጠብ አድርጊበት፣ ራሱ ይለቃል» ይላሉ። ልክ ናቸው? ግቢውንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ አማትዎ ያሉት የቆየ ልማድ ነው፤ ግን አይመከርም። ላምባም ሆነ እሳት መዥገሩን ያስጨንቀዋል እንጂ ቶሎ አያስለቅቀውም። ሲጨነቅ ምራቁን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል፤ በሽታ የሚያስተላልፈውም ምራቁ ነው። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይያዙ። ሆዱን ሳይሆን አፉን፣ ከቆዳው ጋር በተገናኘበት ቦታ ቆንጥጠው፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡ። ቆዳው ትንሽ ተወጥሮ ይነሳል፤ አይደንግጡ፣ ሳያቋርጡ ይሳቡ። ከዚያ ቦታውን በሳሙና ወይም በአልኮል ያጽዱ። መዥገሩን በጥፍር አያፍርጡት። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ጤና ጣቢያ ወስደው መዥገር ነክሶት እንደነበር ይንገሩ።

የግቢው ሥራ ይበልጣል። የውሻ መዥገር ደም ጠጥታ የጉሎ ፍሬ ስታክል ትወድቅና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ውሻውን ብቻ አንዴ ማከም የማይበቃው ለዚህ ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ ይድፈኑ፤ የውሻውን ምንጣፍ በፈላ ውሃ ይጠቡ። ፍየሎቹንም ጆሮ ውስጥ፣ ጭራ ሥርና ጡት አካባቢ ይፈትሹ። መድኃኒቱንና የሚደገምበትን ቀን የእንስሳት ክሊኒክ ይወስን። ድመት ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ፐርሜትሪን የተባለ የተባይ መግደያ ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ሊገድል ይችላል።