የመጤ ተምችና የሎሚ ቢራቢሮ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ በቆሎ ስለሚያጠቃው የአሜሪካ መጤ ተምችና የሎሚና የብርቱካን ቅጠል በልቶ ስለሚያድገው ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ነው።

ጥ፦ ተምች ትል አይደል እንዴ? ከቢራቢሮ ጋር ምን አገናኘው?

መ፦ ትሉ እጭ ነው፤ ገና ያልጎለመሰ ማለት ነው። ሲጎለምስ የቢራቢሮ ዘመድ የሆነ ግራጫማ የእሳት እራት ይሆናል፤ ክንፉ ቢዘረጋ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሎሚው ቢራቢሮ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ጥ፦ በምን ልለያቸው?

መ፦ አንቴናውን ይዩ። የቢራቢሮው ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ነው፤ የእራቱ እንደ ክር የቀጠነ። እራቱ ሲያርፍ ክንፉን እንደ ጣሪያ ጀርባው ላይ ይከድናል። ቀለም ግን አይመኑ፤ ቀን የሚበሩ ደማቅ የእሳት እራቶችም አሉ።

ጥ፦ የሎሚ ችግኜ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ትል አለ። ወደ በቆሎው ይዛመት ይሆን?

መ፦ አይዛመትም። የቢራቢሮው ትል በልጅነቱ እንዲያ ነው፤ ወፍ ኩስ መስሎት ይተወዋል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ቢነኩት ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ነገር አውጥቶ ይሸታል እንጂ አይናደፍም። ትልቅ ዛፍ ይችለዋል፤ ችግኝን ግን ጥቂት ትሎች ያራቁቱታል። እንቁላሉ አንድ አንድ እየተነጠለ ስለሚጣል በእጅ መልቀም ይበቃል።

ጥ፦ ተምቹን ረጭቼው አልሞተም። ለምን?

መ፦ ሳይዘገይ አልቀረም። እራቷ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 200 እንቁላል ከምራ በጸጉር መሰል ነገር ትሸፍነዋለች፤ በሞቃት አየር ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈለፈላል። ክምሩን በጣት መጨፍለቅ ከማንኛውም መድኃኒት ይረክሳል። ትንንሾቹ ትሎች ቅጠሉን ፍቀው መስኮት ያስመስሉታል፤ መርጨት ያኔ ነው፣ ወደ ማምሻው። ካደጉ ገና ያልተዘረጋው የመሀል ቅጠል ውስጥ ገብተው ሰጋቱራ በመሰለ ኩስ በላያቸው ይደፍናሉ፤ መድኃኒቱ አይደርስባቸውም። እርስ በርስም ስለሚበላሉ አንድ ተክል ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ትልቅ ትል ነው።

ጥ፦ መጤው ተምች መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

መ፦ ግንባሩ ላይ «ሰ»ን የመሰለ ነጣ ያለ መስመር፣ ጅራቱ አጠገብ በካሬ የተደረደሩ 4 ጥቁር ነጥቦች።

ጥ፦ ፑፓውስ (ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ሳይበላ የሚቆይበት ደረጃ) የት ይገኛል?

መ፦ የቢራቢሮው ወገቡን በሐር ክር ታጥቆ ቅርንጫፍ ላይ። የተምቹ ከ2 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ፤ ከአጨዳ በኋላ ቢታረስ ፀሐይና ወፍ ያገኙታል።