ቁንጫው ውሻው ላይ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው አዳማ ነው። ቦቢ የሚባል ውሻ አለን። ሰሞኑን ቁንጫ ወሮት ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ጭራው አካባቢ ጸጉሩ ተመልጧል። ልጆቼም እግራቸውን እየተነከሱ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ነጭ ጋዝ ቀቢው ትለኛለች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ከምግቡ ጋር ስጪው አለችኝ። ቤት ባለ ነገር ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነጭ ጋዙን ተዪው። ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለሰብል የሚረጨውን ማላታይንም እንዳትሞክሪው። ማላታይን ተቀብተው፣ እየተንቀጠቀጡና ለሃጫቸው እየተዝረበረበ የሚመጡ ውሾች አክሜያለሁ። ሰዎቹ ያደረጉት ለውሻቸው አዝነው ስለሆነ ይበልጥ ያሳዝነኛል።

ቦቢን እጠቢው። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን አረፋ አድርጊበት፤ አለበለዚያ ቁንጫው ወደ ጆሮውና ወደ ፊቱ ይሸሻል። አረፋውን ትንሽ አቆይተሽ በደንብ አለቅልቂው። ከዚያ በቅማል ማበጠሪያ አበጥሪው፤ ማበጠሪያውን በየመሃሉ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ንከሪው። ጸጉሩ ሥር ጥቁር ብናኝ ካየሽ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጊው። ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው የሚያቀላው።

ዋናው ሥራ ግን ቤቱ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ አይጣበቅም፤ ቦቢ በተኛበት ይረግፋል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ስንጥቅና ምንጣፍ ሥር ይገባል። ከዚያ ራሱን በድር ጠቅልሎ ይቀመጣል። ሙቀትና እንቅስቃሴ እስኪሰማው ድረስ ወራት ሊቆይ ይችላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ እግር ላይ የሚዘለው ለዚህ ነው። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ይመቸዋል። ስለዚህ ቦቢ የሚተኛበትን ጆንያ አቃጥዪው። ጨርቅ ከሆነ በፈላ ውሃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪው። ሶፋ ሥሩን፣ ጥጋጥጉን ጥረጊ፤ ጥራጊውን በፌስታል ቋጥረሽ ከግቢ አውጪው። ይህን በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ወር ካልደጋገምሽው ከድሩ የሚወጣው አዲስ ቁንጫ ተመልሶ ይወረዋል።

ማታ ማታ ሳሙና ያለበት ውሃ በሰፊ ሳህን አድርገሽ መብራት ሥር አስቀምጪ። ብርሃኑን ብሎ የሚዘል ቁንጫ እዚያው ይሰምጣል። ሎሚ ግን በቁስሉ ላይ አትጭመቂበት፣ ያቃጥለዋል። አዳማ በየግቢው ያለው የኒም ቅጠል ውሃም ብቻውን አይጨርሰውም።

ድዱ ከነጣ፣ ቁስሉ ከረጠበ ወይም ዓይነ ምድሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካየሽ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ያ የሩዝ ፍሬ መሳይ ነገር ውሻው ቁንጫ ሲውጥ የሚይዘው የትል ቁራጭ ነው። ሕፃንም ቁንጫ በስህተት ከዋጠ ይይዘዋል። የቦቢ መድኃኒት የሚሰጠው በክብደቱ ስለሆነ በግምት አትግዢ። ድመትም ካለሽ የቦቢን መድኃኒት አትቀቢያት፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።