ስለ ሄፓታይተስ ሲ (ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ) ጠይቁኝ ብዬ የመጡልኝ ጥያቄዎች

ብዙ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም። የማውቀውን ግን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ተመርምሬ ፖዘቲቭ ተባልኩ። አለቀልኝ ማለት ነው?

ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ የትኛውን ምርመራ እንደሠራህ እይ። ከጣት ደም ተወስዶ ወዲያው ውጤቱ የሚነገርህ ከሆነ፣ የተፈለገው ቫይረሱ ሳይሆን አንቲቦዲው፣ ማለትም ሰውነትህ ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እሱ ደግሞ ሰውነትህ ከቫይረሱ ጋር አንድ ጊዜ መገናኘቱን ብቻ ነው የሚመሰክረው። ከተያዙ ሰዎች 30 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና በ6 ወር ውስጥ ያጸዱታል፤ አንቲቦዲው ግን ይቀራል። ቁርጡን የሚነግርህ ቀጥሎ የሚሠራው የአርኤንኤ (የቫይረሱ የዘር ኮድ) ምርመራ ነው፣ ቫይራል ሎድ የሚሉት፤ ቫይረሱ ራሱ ደምህ ውስጥ መኖሩን ያያል። እኔን የሚያናድደኝ ሰው በመጀመሪያው ወረቀት ደንግጦ ሁለተኛውን ሳይሠራ መጥፋቱ ነው።

ጥያቄ፦ መመርመሪያዋ ላይ ሲ የሚለው ፊደል ጎን መስመር ወጣ። ሲ አለብኝ ማለት ነው?

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። አይደለም! ያቺ ሲ ኮንትሮል ለማለት ናት፤ ምርመራው በትክክል መሥራቱን ነው የምታሳየው። ቲ ጎን ሌላ መስመር ከወጣ፣ ደብዘዝ ቢልም፣ እሱ ነው ፖዘቲቭ። ሲ ጎን ምንም ካልወጣ ደግሞ ውጤቱ ዋጋ የለውም፣ በሌላ ይደገማል።

ጥያቄ፦ እኔን ምንም አያመኝም፣ ታዲያ ከየት መጣ?

አዲስ ከተያዙት 80 በመቶ ያህሉ ምልክት አያሳዩም። ዓይን ቢጫ የሚሆንበት ጥቂቱ ሰው ነው። ጉበት ቻይ ነው፣ ብዙ ተጎድቶም ዝም ይላል። ቫይረሱ የጉበት ሴሎች ውስጥ ይራባል፣ የሰውነት መከላከያ እነዚያን ሴሎች ሲያጠቃ ጉበቱ ይቆስላል፣ ቁስሉ ይድናል፣ እንደገና ይቆስላል፣ እንዲህ እያለ ጠባሳ ይከማቻል። በሽታው ሥር ከሰደደባቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚደድርበት ደረጃ) ላይ ይደርሳሉ። አልኮል ደግሞ ያፋጥነዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አለበት። አብረን እንበላለን፣ ልጆቹንም ይስማል። ምን ላድርግ?

ብሉ፣ ተቃቀፉ፣ ልጆቹንም ይሳም። በምግብ፣ በውሃ፣ በመሳም አይተላለፍም። መንገዱ ደም ነው። ስለዚህ ምላጩ፣ የጥርስ ብሩሹና የጥፍር መቁረጫው የራሱ ብቻ ይሁኑ፤ ምላጭ ላይ በዓይንሽ የማታዪው ደም ይቀራል፣ ቫይረሱም ከሰውነት ውጭ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንቺም ተመርመሪ። በግብረ ሥጋ መተላለፉ ብዙም የተለመደ አይደለም፣ ደም ካለበት ግን ይጨምራል። ዋናዎቹ መንገዶች መርፌ መጋራት፣ ያልተመረመረ ደም መውሰድና በደንብ ያልጸዳ የሕክምና ወይም የንቅሳት ዕቃ ናቸው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ያድናል ወይስ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው?

ያድናል። ኤችአይቪ የራሱን ኮድ ሴላችን ዲኤንኤ ውስጥ ይሰፋዋል፤ ሌላው የጉበት ቫይረስ ሄፓታይተስ ቢም የሴሉ ኒውክለስ (ዲኤንኤው ያለበት ማዕከል) ውስጥ ይደበቃል። ሲ ግን ኮዱን ወደ ዲኤንኤ ስለማይቀይር ኒውክለሱ ውስጥ አይደበቅም፣ ከውጭ ሆኖ ያለማቋረጥ ራሱን መቅዳት አለበት። መቅጃውን ካቆምክበት መደበቂያ የለውም። እነ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በአብዛኛው 12 ወይም 24 ሳምንት በየቀኑ ክኒን መዋጥ ነው፣ ከ95 በመቶ በላይም ይድናል። መዳንህ የሚረጋገጠው ክኒኑን ከጨረስክ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚሠራ ቫይራል ሎድ ነው። ድሮ የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር፤ ትኩሳቱና ድብርቱ ሰውን አማርሮ መሃል ላይ ያስቋርጥ ነበር። ቫይረሱ ራሱ የታወቀው በ1989 እኮ ነው (በፈረንጆች)፤ ከዚያ በፊት ስም እንኳ ስላልነበረው «ኤ ያልሆነ፣ ቢም ያልሆነ» ነበር የሚባለው!

ጥያቄ፦ ክትባትስ?

የለም። ቫይረሱ ራሱን ሲቀዳ ስህተቱን አያርምም፣ ስለዚህ መልኩ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

ጥያቄ፦ ሌላ መድኃኒትም እወስዳለሁ፣ ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል፣ ሁሉንም ለሐኪምህ ዘርዝርለት። የቲቢው ሪፋምፒሲን የእነዚህን ክኒኖች ጉልበት ይቀንሳል። የልቡ አሚዮዳሮን ከሶፎስቡቪር ጋር የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያዘገይ ይችላል። የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ቀላል ይመስላል፣ እሱንም ንገረው። ከመጀመርህ በፊት ሄፓታይተስ ቢም ይመርመርልህ፤ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከዳንኩ በኋላ እንደገና ልያዝ እችላለሁ?

ትችላለህ። አንቲቦዲው አይከላከልልህም፤ ፈጣኑ ምርመራም ዕድሜህን ሙሉ ፖዘቲቭ ሊልህ ስለሚችል ከዚህ በኋላ የሚጠቅምህ ቫይራል ሎድ ብቻ ነው። ሲሮሲስ ደርሶብህ ከነበረ ደግሞ ቫይረሱ ቢጠፋም የጉበት ካንሰር ስጋት አብሮ አይጠፋም፣ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ተነሣ።